ሩብ ዙር ጨምርለት

አሶሳ ውስጥ ያረጀ ያማሃ መንገድ ዳር አልነሳ ሲል ባለቤቱ ሰው መጥራት የለበትም፤ ሰዉ ራሱ ይመጣል። የባጃጅ ሹፌሩ ተሳፋሪ እንደጫነ ይቆማል። ማንጎ ሻጯ ከተቀመጠችበት አንገቷን ታሰግጋለች። ከመስጊድ የሚመለሱ አዛውንት መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ጠጋ ይላሉ። ባለሞተሩ ላቡ በጀርባው እየወረደ ማስነሻውን ደጋግሞ ይረግጣል። በመጨረሻ ከሕዝቡ መሃል አንድ ድምፅ ፍርዱን ያሰማል፦ «ካርቡሬተሩ ነው!»

ካንዴላው ተፈትቶ አልታየም። ሰርባቶዮው ውስጥ ቤንዚን ይኑር አይኑር ያረጋገጠ የለም። ግን ነገሩ አለቀ፤ ካርቡሬተሩ ነው። ካቻቪቴው ከየት እንደሚመጣ እንጃ። አሶሳ ቤንዚን ጠፍቶ ያውቃል፤ ካቻቪቴ ግን ጠፍቶ አያውቅም።

«ሩብ ዙር ጨምርለት» ይላል አንዱ።

«ኧረ ቀንስለት! አየር አንሶት እኮ ነው» ይላል ሌላው።

«ቢስሚላህ በልና ሁለቱንም ሞክር ልጄ» ይላሉ አዛውንቱ። ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ እውቀት ያለበት የእሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

የማወራው ስለ ዲቲ 125 እና ስለ ኤጂ 100 ነው። በወጣትነታቸው የግብርና ባለሙያ ጭነው ወደ ባምባሲ፣ የክትባት ሣጥን አዝለው ወደ መንጌ የተመላለሱ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሎሌዎች ናቸው። ሲያረጁ ሰሌዳቸው ተነቅሎ በጨረታ ይሸጣሉ። ገዢው «የጃፓን ዕቃ ነው፣ አይሞትም» ብሎ ይወስዳል። አይሞትም ስለተባለ ነው መሰለኝ የሚያክመው የለም፤ የሚነካካው ብቻ ነው የበዛው።

ካርቡሬተሩ የተንኮል ዕቃ አይደለም። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ከታች ካለችው ጎድጓዳ ሳህን ቤንዚን ተስቦ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ሚኒሞ ላይ ቤንዚኑን የምትመጥን አንዲት የናስ ቀዳዳ አለች፤ መሃል ላይ መርፌው፣ ጋዙ ሲከፈት ደግሞ ትልቋ ናስ ትረከባለች። ከውጭ የምትታየው የአየር ብሎን ሥልጣኗ ሚኒሞው አካባቢ ብቻ ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያዞረው ግን እሷን ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ያለችው እሷ ናት። ፋብሪካው እንደ ሞዴሉ ከአንድ እስከ ሁለት ዙር ባለው ውስጥ ክፈቷት ብሏል። መንገድ ዳር የተሰበሰበው ጉባኤ የስንት ሰው ሩብ ዙር እንደተደማመረ አይቆጥርም፤ ቃለ ጉባኤም አይይዝም።

ሞተሩ ተገፍቶ ጋራዥ ሲደርስ የመካኒኩ የመጀመሪያ ንግግር የታወቀ ነው፦ «ማነው ይሄን የነካካው?» ብዙ ጊዜ የነካካው ራሱ ነው፤ ባለፈው ረመዳን። ይህን ማስታወስ ግን ነውር ስለሆነ ባለቤቱ ዝም ይላል፤ ካርቡሬተሩም ይፈታል። ናሷ በትንፋሽ ትነፋለች፤ እንቢ ካለች ከፍሬን ገመድ የተመዘዘ ቀጭን ሽቦ ይገባባታል። የሚኒሞዋ ቀዳዳ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ናስ ደግሞ ከብረት ሽቦ ፊት ለስላሳ ናት። ሽቦው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ቆሻሻው ብቻ ሳይሆን ልኩም አብሮ ይወጣል። ላይዋ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግን እንደ ነበረ ይቀመጣል፤ የቀድሞ ማዕረጉን የማይተው ጡረተኛ ይመስል።

ከዚያ መልሶ መግጠም ይመጣል። የተቀደደው ጓርኒሲዮን በካርቶን ይተካል። የጠፋችው የጎማ ቀለበት ከአሮጌ ካላማዳሪያ ትቆረጣለች፤ ካላማዳሪያ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ በሳምንቱ ተረኛው ጥፋተኛ እሱ ነው። አንድ ብሎን ከተረፈ «ይሄ ድሮም ትርፍ ነው» ተብሎ ኪስ ይገባል። የአየር ፊልትሮው አይመለስም፤ «ይተንፍስበት» ይባላል። በበጋ የኩርሙክን መንገድ አቧራ የቀመሰ ሰው፣ ያ ሞተር ምን እንደሚተነፍስ ይገምታል።

ከሁሉም የምወደው ግን «አዲስ አበባ ያስተካከሉልኝ ነው» ባዩን ነው። እዚያ የታወቀ ባለሙያ አይቶለት፣ ብሎኗ ላይ ማንም እንዳይነካት የጥፍር ቀለም አስቀብቶ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አሶሳ 1,500 ሜትሮቹን አለፍ ብላ ትገኛለች፤ ኩርሙክ ወደ ሱዳን ቆላ የወረደች ናት። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ ናሷ የምትሰጠው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ስለዚህ እንጦጦ ሥር ልኩን ያገኘ ሞተር ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያጥረዋል። ካንዴላው ይነጣል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ባለ ሁለት ምት ከሆነና ዘይቱም «በዓይን ልክ» ከተቀላቀለ ፒስተኑ ሊጣበቅ ይችላል። መለወጥ ያለባት ውስጥ ያለችው ትልቋ ናስ ነበረች። የጥፍር ቀለሙ ግን እንዳማረ አለ።

ካርቡሬተሩ ብቻውን ሲወቀስ የማይወቀስ አንድ ዕቃ አለ፤ ከላዩ ተንሰራፍቶ የተቀመጠው ሰርባቶዮ። ማደያው ሲዘጋ ቤንዚኑ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ይገዛል። ጠርሙሱ ትናንት ውሃ፣ ከትናንት ወዲያ ምናልባት ላምባ ይዞ ነበር። ላዩ ላይ የዓመታት የሰርባቶዮ ዝገት ሲጨመር ያ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያቺ ትንሽ ናስ ላይ ሲደርስም ይቆማል። ካርቡሬተሩ ይታጠባል፤ ሰርባቶዮው አይታጠብም፤ በሦስተኛው ቀን ያው ሕዝብ እዚያው ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋቱ ከላይ ሆኖ ቅጣቱ ወደ ታች ሲወርድ ያየሁት በሞተር ብቻ አይደለም፤ ይህን ግን ለሌላ ቀን።

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ካርቡሬተር አበቃለት» የሚሉ አሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ተከልክሏል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ያለው እዚሁ ክልል ጉባ ላይ ነው፤ ኃይል ሩቅ አገር አይደለም ማለት ነው። ቢሆንም የሚቀጥለውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አንድ ቀን መንገድ ዳር ቀጥ ይላል፤ ባጃጁ ይቆማል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ካየ በኋላ «ካርቡሬተሩ ነው» ይላል። የለውም ቢሉት «እሱማ ነው ችግሩ!» ብሎ ይረታቸዋል።

እስከዚያው ያማሃ ላለህ ወንድሜ፦ መጀመሪያ ሰርባቶዮውን አውርደህ እጠብ፤ ቱቦው ላይ አንድ ትንሽ ፊልትሮ አድርግ፤ ካንዴላውን ፈትተህ ቀለሙን እይ። ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፤ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ምንም አትንካ። ብሎኗን ማዞር ግድ ከሆነብህ ሳትጨክን እስከ መጨረሻው እየቆጠርክ ዝጋት፤ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፈው። አንተም አላፊ አግዳሚው፣ ባጃጅህ ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀህ ነው፤ እባክህ ሂድ።