መጽሐፈ ሥርዓት ዘቢዝነስ ካርድ

ስለ ባሕር ማዶ ንግድ የጻፉ ሁሉ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጭነትና ስለ ኤልሲ ጽፈዋል። እኛ ግን እነርሱ ንቀው ያለፉትን ረቂቅ ምሥጢር በብርቱ ድካም መርምረን፣ ቶኪዮ ላይ ቢዝነስ ካርድ እንዴት እንደሚሰጥ እነሆ እናትታለን።

ካርድ የሚሰጠው ቆሞ፣ በሁለት እጅ፣ ጽሑፉን ወደ ተቀባዩ አዙሮ ነው። ስለምን በሁለት እጅ ቢሉ፣ አንድም ለክብር፤ አንድም በአንዱ እጅ ስልክ እንዳይነካካበት። የእኛ ሰው እስከዚህ አይወድቅም፤ ለታላቅ በሁለት እጅ መስጠትን ከቤቱ ተምሮታል። የሚወድቀው ከተቀበለ በኋላ ነው፦ ካርዱን ሳያነብ የኋላ ኪሱ ከትቶ ይቀመጥበታል። በሥርዓቱ ትርጓሜ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጁ ላይ ነው። ካርድ ተነቦ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከበዛም እንደ ባለቤቶቹ አቀማመጥ ይደረደራል።

አቀማመጡስ? የክብር ወንበር ከበሩ የራቀው ነው። ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው የትልቁ ቦታ ነው፤ ሊፍት ውስጥ ቁልፍ የሚጫነው ታናሹ ነው። ሠርግ ቤት እንግዳ ያስቀመጠ ሐበሻ ይህን ሳይንስ አላውቅም ቢል ዋሽቷል።

ነጋዴያችን ስብሰባ ላይ ዋጋ ሊከራከር ተዘጋጅቶ ይገባል። ከንቱ ድካም! ነገሩ ‹ኔማዋሺ› በሚሉት ዘዴ ቀደም ብሎ፣ በየቢሮው፣ ሰው በሰው ተመክሮበት አልቋል፤ ስብሰባው ለማጽደቅ ነው። ‹ሪንጊ› የተባለው ሰነድም ከታች ወደ ላይ እየዞረ፣ የየደረጃው ኃላፊ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችማ የበታቹ ማኅተሙን ወደ አለቃው ማኅተም ዘንበል አድርጎ ይመታል፤ ቀለሙ ሳይቀር እጅ ይነሣል። በ2020 እ.ኤ.አ. የአስተዳደር ማሻሻያ ሚኒስትር የነበሩት ታሮ ኮኖ በመንግሥት ቢሮዎች ማኅተም ይቅር ብለው ዘምተው ነበር። ያጎነበሰ ማኅተም ቀና ይበል ያለ ግን አልሰማንም።

እንግዲህ ቶኪዮ ሄጄ ቡና ልሽጥ የምትል አንባቢ ሆይ፣ ካርድህን በርከት አድርገህ አሳትም፤ ጀርባው በጃፓንኛ ይሁን። ዋጋህን ለስብሰባው ቀን አታቆየው፤ አስቀድመህ ጉዳዩን የያዘውን ታናሹን ሠራተኛ ፈልገህ ንገረው፣ ሰነዱን የሚጀምረው እሱ ነውና። በስብሰባው ፈገግ ብለው ‹እናስብበታለን› ካሉህ ግን ሆቴል ይዘህ አትጠብቅ፤ ሌላ ገዢ ፈልግ።