ደቦል አቃፊው ሐኪም

የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ድሮ ብዙ መከራ ነበረው። እስከ ትከሻ ላም ማህፀን ውስጥ መግባት፣ በሌሊት ተጠርቶ ምጥ የያዛትን በግ ማዋለድ፣ ለዓመታት መጽሐፍ ላይ ማፍጠጥ። እድሜ ለደቡብ አፍሪካ የመስክ ኮርሶች፣ ዛሬ ሁለት ሳምንትና ጥቂት ሺህ ዶላር ይበቃል።

ከለንደንም ይምጣ ከቴክሳስ፣ ካኪውን የለበሰው ተማሪ ብዙ ሳይቆይ የአንበሳ ደቦል ታቅፎ ጡጦ ያጠባል። «እናቱ የሞተችበት ነው» ይሉታል። ምስኪን! የሚገርመው ግን፣ ተማሪ በመጣ ቁጥር እናት የሞተችበት ደቦል አይታጣም። ከአጥሩ ማዶ የምታገሳው ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ ክፉ አሳቢ ብቻ ነው። ደቦሎቿን በተወለዱ በቀናት ውስጥ ከተነጠቀች ቶሎ ትፀንሳለች፤ ሌላ ደቦል፣ ሌላ ጡጦ፣ ሌላ ከፋይ።

ሰው ያሳደገው አንበሳ ሰው ስለማይፈራ ዱር አይለቀቅም። አይባክንም ግን፤ ቆጣቢ ሙያ ነው። ጎረምሳ ሲሆን ከቱሪስት ጋር ይንሸራሸራል፣ ጎፈሩ ሲሞላ አጥር ውስጥ ከፍሎ ለሚተኩስ ይቀርባል፣ አጥንቱ እስያ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 መንግሥት የ800 አንበሶች አፅም ወደ ውጭ እንዲላክ ፈቅዶ ነበር፤ ፍርድ ቤት ኮታውን ሕገ ወጥ ያለው በ2019 ነው። «የዱር እንስሳት ጥበቃ» የሚለው ሰርተፊኬት ግን እስካሁን ግድግዳ ላይ ያምራል።

ለሕክምናው ደግሞ አውራሪስ አለ። ከሄሊኮፕተር ላይ ኢቶርፊን የተባለ ማደንዘዣ ይወጋል፣ ሲወድቅ ዓይኑ ይሸፈናል፣ ጆሮው ይደፈናል፣ ቀንዱ በመጋዝ ይቆረጣል። ሥራው የምር ነው፤ ሕገ ወጥ አዳኞችን ለማራቅ ነው። ሐኪሙ ትንፋሹ እንዳይቆም ከደቂቃዎች ጋር ይሽቀዳደማል፣ ተማሪው ከስልኩ ባትሪ ጋር። ቀንዱ እንደ ጥፍር መልሶ ስለሚያድግም የሚቀጥለው ዙር ፎቶ አይቀርበትም።

መንግሥት አንበሳ ማርባቱ እንዲያበቃ መወሰኑን በ2021 አስታውቋል። ልጃችሁ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለእንዲህ ያለ ኮርስ ሻንጣ እያዘጋጀ ከሆነ፣ ሳይከፍል በፊት «ደቦል ማቀፍ ይፈቀዳል?» ብሎ ይጠይቅ። «አዎን» ካሉት ገንዘቡን ኪሱ ይመልስ።