በገጽ 2 እና በገጽ 3 መካከል ስለሚገኙ ዜጎች የወጣ አዋጅ ቁጥር 7 (ገጹ ሲታደስ 8)

የአመልካቾችን ስም ሃያ ሃያ እየቆረጡ በገጽ ማሳየት በማስፈለጉ፤ ዳታቤዝም በምን እንደሚደረድር ካልተነገረው ተራ የመጠበቅ ግዴታ የሌለበት በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ከላይ ያለው በቂ ነው።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
«ተራ ቁጥር» ማለት በስክሪኑ ላይ ላለው ቦታ የሚሰጥ ነው፤ ለሰውየው አይደለም።

አንቀጽ 3፦ በአንድ ቀን ስለተመዘገቡ
1. ዝርዝሩ በምዝገባ ቀን ብቻ ይደረደራል።
2. ቀናቸው አንድ የሆነ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ማን ማንን እንደሚቀድም ዳታቤዙ በተጠየቀ ቁጥር እንዳሻው ይወስናል።
3. የንዑስ አንቀጽ 2 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ገጽ አዲስ ጥያቄ ስለሆነ፣ ገጽ 2 ሲከፈት 41ኛ የነበረ ሰው ገጽ 3 ሲከፈት 40ኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው በሁለቱም ገጽ አይታይም። ስለሆነም፦
ሀ) ያልታየ ሰው እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል፤
ለ) ደረሰኝ ያለው ከሆነ፣ ደረሰኙን እንደያዘ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል፤
ሐ) እንደገና ልመዝገብ ካለ «ቀድሞ ተመዝግቧል» ተብሎ ይከለከላል፤
መ) በሁለቱም ገጽ የታየ ሰው ሁለቴ ይጠራል፤ አይጠየቅበትም፤
ሠ) በፊደል ተራ «ሐ» የተጠቀሰው ሰው «ታዲያ ካለሁ የታለሁ?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ጠይቄያለሁ። «ሲስተሙ ነው፣ ወንድሜ» ተባልኩ። ምን ሲስተም! ከቀኑ ቀጥሎ ኦርደር ባይ ላይ የመለያ ቁጥር ቢጨመር ያልቃል፤ አንድ ነጠላ ሰረዝና አንድ የዓምድ ስም! ለዚህ ነው ሰው ከሥራው እየቀረ ኮሪደር ላይ የሚውለው? ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ ሁለቴ ተጠራ፤ ደግሞ ያፈረው እሱ ነው።
ረ) ከላይ በፊደል ተራ «ሠ» የሰፈረው ድምፅ የአዋጁ አካል አይደለም።

አንቀጽ 4፦ ስለ ሩቅ ገጾች
ገጽ 500 የከፈተ፣ ዳታቤዙ 9,980 ረድፎችን ቆጥሮ እስኪጥል ይታገሣል። «ካየሁት ከመጨረሻው ሰው ቀጥል» ብሎ መጠየቅ፣ ፈጣን ቢሆንም፣ ክልክል ነው።

አንቀጽ 5፦ ስለ ተሻሩ ሕጎች
ረድፍን በሥርዓት የሚቆጥረው ሮው ነምበር በ2003ቱ የኤስኪውኤል ደረጃ የተካተተ መሆኑ በዚህ ቢሮ ተፈጻሚነት የለውም።

አንቀጽ 6፦ አቤቱታ
በዚህ አዋጅ የተጎዳ በመስኮት 4 ያመልክት። አቤቱታዎች በቀረቡበት ቀን ይደረደራሉ።