በጀርባ መሳለም

የአንግኮር ትኬት ቆራጮች ደንበኛቸውን ጠንቅቀው ያውቁታል። ለአንድ ቀን መግቢያ 37 ዶላር ይቀበሉህና ካሜራ ፊት አቁመው ያነሱሃል፤ ከዚያ መልክህ የታተመበትን ትኬት ያስረክቡሃል። ካምቦዲያ ድረስ የሄድክበት ጉዳይ ገና ከመስኮቱ ሳትርቅ በግማሽ ተጠናቀቀ። የቀረህ ያንኑ መልክ ከድንጋይ ጋር አስጠግቶ መድገም ብቻ ነው።

ለዚህም ሲባል ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣል። አገሩ ላይ ለሥራ ሁለት ሰዓት መድረስ የሚያንገሸግሸው ሰው፣ በጨለማ ቱክቱክ ተሳፍሮ፣ የአንግኮር ዋት በር 11 ሰዓት ላይ ሲከፈት ከፊተኞቹ ጋር ተጋፍቶ ይገባል። ሩጫው ወደ ቤተ መቅደሱ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ኩሬው ነው። ኩሬው ዳር ቆሞ ፀሐይዋ ከአምስቱ ማማዎች ኋላ ብቅ ስትል የሚያይ ሰው አይጠፋም ብዬ ነበር። ጎህ ሲቀድ ግን ሕዝቡ ትእዛዝ የተቀበለ ይመስል አንድ ላይ ዞረ፤ ጀርባውን ለፀሐይዋም ለቤተ መቅደሱም ሰጥቶ ስልኩን ወደ ፊቱ ዘረጋ። ከ800 ዓመት በላይ የቆመው ሕንፃ በየሰዉ ትከሻና ጆሮ መካከል ትንሽ ቦታ ተፈቀደለት። ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ባዶ ሆነ። ቁርስ አለ፤ ሆቴሉ ደግሞ ቁርስ የሚያነሣው በጊዜ ነው።

ዳግማዊ ሱርያቫርማን ይህን ቤተ መቅደስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ለቪሽኑ ሲያሠራ፣ በምሥራቁ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ አንድ ታሪክ አስቀርጿል። 88 አማልክት በአንድ ወገን፣ 92 አጋንንት በሌላው ወገን ሆነው አንድ ግዙፍ እባብ እንደ ገመድ ይዘው ይጓተታሉ፤ የወተቱን ባሕር ንጠው ሞት የማያስቀምሰውን መጠጥ ሊያወጡ ነው። ድንጋዩ እጅ ስለበዛበት ያብረቀርቃል፤ የእያንዳንዱ ጋኔን የጉልበት እጥፋት ሳይቀር ተጠርቧል። እኔ በደረስኩበት ሰዓት እዚያ የነበረችው አንዲት ጠባቂ ናት፤ ወንበሯ ላይ ሆና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ቅርጹ ረጅም ስለሆነ በስልክ አይገባም። ጥፋቱ እንግዲህ የቀራጩ ነው።

እኛ ጀርባ መስጠትን እንደ ነውር እያየን ነው ያደግነው። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የሚመለስ ሰው ፊቱን ወደ መቅደሱ እንዳደረገ ጥቂት ወደ ኋላው ያፈገፍጋል። በቤተ መንግሥትም ንጉሥ ፊት ቀርቦ የተሰናበተ ባለጉዳይ እጅ እየነሣ በኋሊዮሽ ይወጣ ነበር። ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው። የሠለጠነ ሰው ቪዛ አውጥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሮ፣ ደጁ ላይ ጫማውን አውልቆ ይገባና የመጣበትን ነገር በጀርባው ተሳልሞ ይመለሳል።

ስሪላንካዎች ይህ ሥልጣኔ ገና አልገባቸውም። እነሱ ዘንድ ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሣት እንደ ስድብ ይቆጠራል። በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ ናቸው) ሦስት ፈረንሳውያን ጎብኚዎች ጀርባ ከመስጠትም አልፈው ሐውልቱን ሲስሙ ፎቶ ተነሡ። ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ማንም ባላወቀባቸው። እነሱ ግን ፎቶውን ሊያሳትሙ ጋል ከተማ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ወሰዱት፤ ሠራተኞቹ አዩና ለፖሊስ ጠቆሙ። ፍርድ ቤቱም በገደብ የተጣለ የእስር ቅጣት ወሰነባቸው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ፎቶ ማሳተም አደገኛ ነው።

ይህን ጥበብ በሙሉ ክብሩ ማየት የፈለገ ባሊ ይሂድ። በደሴቲቱ ምሥራቅ፣ በለምፑያንግ ተራራ ወገብ ላይ፣ አንድ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። መግቢያው ከላይ እስከ ታች ለሁለት የተከፈለ ረጅም የድንጋይ በር ነው፤ በመካከሉ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአጉንግ ተራራ ይታያል። ኢንስታግራም ላይ ደግሞ በሩም ተራራውም ከሥር በተኛ ጸጥ ያለ ሐይቅ ውስጥ ተገልብጠው ይታያሉ። «የሰማይ በር» ይሉታል። ዓለም የሚጎርፈው ለዚህ ሐይቅ ነው።

ሐይቁ ኪስ ውስጥ ይገባል። አንድ ወጣት በጃንጥላ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ የጎብኚውን ስልክ ይቀበልና ከሌንሱ ሥር ትንሽ መስታወት ያስጠጋበታል። ያቺ መዳፍ የማትሞላ መስታወት ናት ፎቶው ላይ ሐይቅ የምትሆነው። ከጎብኚው እግር ሥር ያለው ደረቅ ድንጋይ ነው፤ በግቢው ውስጥ ውሃ ያለው በሃይላንድ ብቻ ነው። ወጣቱን ግን አልወቅሰውም፤ እንዲያውም አደንቀዋለሁ። በተሰባሪ መስታወት ሐይቅ ፈጥሮ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ያስተዳድራል።

ወረፋው በቁጥር ነው። ሕዝቡ ሳሮንግ የሚባለውን ሽርጥ ታጥቆ መጠለያ ሥር ለሰዓታት ይቀመጥና በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ተራው የደረሰ ሮጦ በሩ መካከል ይገተራል። «እጅ ወደ ላይ! … ዙር! … አሁን ጸልይ! … ዝለል! … ቀጣይ!» «ጸልይ» ሲባል እጁን አገናኝቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ «ቀጣይ» ሲባል ጸሎቱ ተሰምቶለታል።

ከአዲስ አበባ የመጡ ሙሽሮች ስልክ ሳወራ አማርኛዬን ሰምተው ተጠጉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስንተኛ ነዎት?» አለችኝ ሙሽራዋ።

«እኔ ቁጥር አልያዝኩም፣ የኔ ልጅ።»

«ውይ! ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ቤተ መቅደሱን ላይ።»

ባሏን አየችው፤ ባሏም እኔን አየኝ። ከዚያ በአዘኔታ ድምፅ፣ «እሱማ ፎቶው ላይ ይታያል እኮ» አለችኝ።

አይታይም። ፎቶ አንሺው የሚቀመጠው ከግቢው ውስጥ ፊቱን ወደ መውጫው አድርጎ ነው፤ ዝነኛው ፎቶ የሚያሳየው የውጭውን ነው። ዘንዶዎች የተጋደሙባቸው ሦስቱ ደረጃዎችና ከእነሱ በላይ ያለው መቅደስ፣ ባሊዎቹ ነጭ ለብሰው መባ ተሸክመው የሚወጡበት ማለት ነው፣ የሚገኘው ከፎቶ አንሺውና ከተሰላፊው ሁሉ በስተጀርባ ነው። ስለዚህ የቆመው ለተራራው ጀርባውን ሰጥቷል፤ የተቀመጠው ደግሞ ለመቅደሱ። ከዚያ ወዲያ ወደ ላይኛው ቤተ መቅደስ የሚያደርሱ 1,700 ያህል ደረጃዎች ጫካውን ሰንጥቀው ይወጣሉ፤ እዚያ መስታወት የያዘ ሰው ስለሌለ ወረፋም የለም።

አጉንግ ለባሊዎች ከተራሮች ሁሉ የተቀደሰው ነው። በ1963 ፈንድቶ ከ1,000 ሰው በላይ ፈጅቷል። እኔ በሄድኩበት ዕለት ደመናውን ተከናንቦ ጭራሹን አልታይም አለ። ወረፋው ግን ቅንጣት አላጠረም። ሙሽሮቹም ተራቸው ሲደርስ ነጭ ደመና ፊት ዘለሉ፤ መስታወቷም ደመናውን ተቀብላ ሐይቅ አደረገችው።

እዚያው ባሊ፣ በ2022፣ አንዲት ጎብኚ ታባናን ውስጥ 700 ዓመት ዕድሜ አለው በሚባል ቅዱስ ዛፍ ሥር ራቁቷን ፎቶ ተነሥታ ከነባሏ ከአገር ተባርራለች። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ደሴቲቱ ከውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ 150,000 ሩፒያ ታስከፍላለች፤ ለባህልና ለተፈጥሮ ጥበቃ ነው ተብሏል። የጀርባ መስጫ ቀረጥ ቢሉት ማንም ያለ ክርክር ይከፍል ነበር።

ባሕሩም ከዚህ በረከት አልተረፈም። ታይላንድ ውስጥ ፊ ፊ ሌ በምትባል ደሴት ላይ ማያ ቤይ የሚሉት፣ በገደል የታጠረ ነጭ አሸዋ አለ። በ2000 የወጣው፣ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የሠራበት «ዘ ቢች» የተቀረጸው እዚያ ነው። የፊልሙ ታሪክ ጎብኚ ያልደረሰበትን ገነት ፍለጋ ነው። ቀራጮቹ ቦታውን ሲያዩት ገነት አልመሰላቸውም መሰለኝ፣ አሸዋውን በማሽን ደልድለው፣ የነበረውን ተክል ነቅለው የኮኮናት ዛፍ ተከሉበት። የአካባቢው ሰዎች ከሰሱ። ፊልሙን ያየ ሁሉ ደግሞ ማንም ያልደረሰበትን ቦታ ሊያይ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ፤ አንዳንድ ቀን እስከ 5,000 የሚደርስ ሰው ብቸኝነት ፍለጋ ያንን አሸዋ ይረግጥ ነበር። የጀልባው መልሕቅ ኮራሉን ሰባበረው፤ በ2018 መንግሥት ባሕረ ሰላጤውን ዘጋው። ለአራት ወር የተባለው እየተራዘመ ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። ሰው ሲጠፋ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነ ሻርኮች ተመልሰው መጡ። እኛን ነው የሚፈሩት።

በ2022 ሲከፈት ሥርዓት ተበጀለት። ጀልባ ከፊት ለፊት መግባት ቀረ፤ ከደሴቲቱ ጀርባ ትወርድና በእንጨት መተላለፊያ በእግርህ ትሻገራለህ። ዋና የለም። ውሃው ከጉልበቱ ያለፈ ሰው ሲገኝ ጠባቂው ፊሽካውን ይነፋል። ይህን ያህል መንገድ መጥቶ እንዳትዋኝ መባል ሰዉን የሚያስከፋው መስሎኝ ዙሪያውን አየሁ። ማንም አልከፋውም። ለፎቶ እስከ ጉልበት ይበቃል።

ሕንድ አገር አግራ ላይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ አንድ ወንበር ነው። ሻህ ጀሃን በወሊድ የሞተችበትን ሚስቱን ሙምታዝ ማሃልን ሊያሳርፍ ታጅ ማሃልን አሠራ፤ ሕዝቡ ግን የሚሰለፈው በ1992 ልዕልት ዳያና ብቻዋን ለተቀመጠችበት የእብነ በረድ አግዳሚ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ታጁ ከጀርባ ይሆናል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? መቃብሩ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለሆነ የገባው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ፈጥኖ ይወጣል። ሻህ ጀሃን ራሱ በልጁ በአውራንግዜብ ከዙፋኑ ወርዶ አግራ ምሽግ ውስጥ ታስሮ ነው የሞተው፤ ስምንት ዓመት ያህል ያንን ሕንፃ ከሩቅ በመስኮት ሲመለከት ኖረ ይባላል። ስምንት ዓመት፣ ያውም ፊት ለፊት! አንዴ ዞር ቢልለት ኖሮ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰው ነበር።

ጃፓኖች ትዕግሥታቸው ሲያልቅ መጋረጃ ዘረጉ። ፉጂካዋጉቺኮ በምትባል ከተማ ከአንድ ላውሰን ሱቅ ጣሪያ በላይ የፉጂ ተራራ ይታያል፤ ሰዉ አስፋልት መሐል እየቆመ፣ የጎረቤቱን የጥርስ ክሊኒክ እየወረረ ነዋሪውን አስመረረ። በግንቦት 2024 ከተማዋ 2.5 ሜትር ከፍታና 20 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቁር መረብ ወጠረች። ወዲያው መረቡ ላይ በካሜራ ዓይን ልክ የተበሱ ቀዳዳዎች ተገኙ። እኔ ግን የበሳውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። ቢያንስ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነው የበሳው።

ለማስታወሻ ነው የሚል ክርክር አለ። ይሁን። ለማስታወስ ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚታወሰው የገዛ ፊት ነው፣ እሱ ደግሞ ቤት ባለው መስታወትም ይገኛል።

ነቅፌ ብቻ መሄድ አልወድም፤ መፍትሔ አለኝ። በየከተማችን የነበሩትን ፎቶ ቤቶች የሚያስታውስ ያስታውሳል። ግድግዳው ላይ ሸራ ይወጠራል፤ ሸራው ላይ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ አንዳንዴም የትም የማያደርስ ደረጃ ተስሏል። ከጎን የፕላስቲክ አበባ። ኮትና ከረባት ለሌለው ምስማር ላይ ተሰቅሎለታል፤ የሰፋው ኮት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያዝና ከፊት ልኩ ይሆናል። ዛሬ በባሊዋ ኡቡድ ውስጥ ለዥዋዥዌ ፎቶ ጅራቱ እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ ቀሚስ ያከራያሉ፤ ያው የምስማሩ ኮት ነው፣ ዋጋው ብቻ በዶላር ሆነ። አባቶቻችን ባሕር ማዶን እንዲህ አድርገው በጥቂት ብር ጀርባ ሰጡት። ኮራል አልተሰበረም፤ መነኩሴ አልተቆጣም፤ ሸራውም አልተቀየመም።

ስለዚህ ቦሌ አካባቢ አንድ አዳራሽ ልከራይ አስቤያለሁ። አንግኮር በአንዱ ግድግዳ፣ ታጅ በሌላው። ድካም የሌለበት ፎቶ ዋጋ የለውም ለሚል ደንበኛ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ደውለን እንቀሰቅሰዋለን፣ በር ላይም እስኪበቃው እናቆመዋለን። ማያ ቤይ እስከ ጉልበት ድረስ በሳፋ ይቀርባል፤ ሻርክ የሚፈልግ አስቀድሞ ይንገረን፣ ይሳልለታል። ፊሽካ የሚነፋ ዘበኛ ቀጥረናል። የልዕልቷን ወንበር አናጢው በዚህ ሳምንት አደርሳለሁ ብሏል። ክፍያው በብር ነው፤ ለሙሽሮች ቅናሽ አለ፤ ተራራችንም በደመና አይሸፈንም።