የታሸገች መኪና አትነዳም

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሜሪላንድ፣ የሆቴል አዳራሽ። ቶይ ሾው ነው። ረጃጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ አሻንጉሊት፣ ከኋላው እኛ። ጠረጴዛው የኪራይ ስለሆነ «ዝም ብዬ እያየሁ ነው» የሚለን ሁሉ በኪራያችን እየተዝናና ነው።

በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት ከሌላው አስበልጠው ከፍለው የሚገቡ አሉ። አንዱ ሳጥኔን ገና ሳላራግፍ አንገቱን ከተተበት።
«ምን ጥሩ ነገር አለ?»
«አንተ ካልወጣህ እኔም አላይ!»

ቀጥሎ ያዘነ ደንበኛ መጣ። በዚህ ሥራ የማይቀር ሰው ነው።
«ይሄ ልጅ ሆኜ ነበረኝ፤ እናቴ ጣለችብኝ።»
«የሁሉም እናት ባትጥለው ኖሮ እኔ አርባ ዶላር ማን ይሰጠኝ ነበር? እናትህን ሰላም በልልኝ፤ የንግድ ሸሪኬ ናቸው።»

ከረጢት ሙሉ አሻንጉሊት ሊሸጥልኝ የመጣው ደግሞ ስልኩን ደገነብኝ።
«ኢንተርኔት ላይ አምስት መቶ ዶላር ይላል።»
«እሱ የተጠየቀበት እንጂ የተሸጠበት አይደለም። መጠየቅማ እኔም ስንቷን ጠይቄያለሁ፤ ያገባሁት ግን አንዷን ነው።»

«ቢኒ ቤቢ የሚባሉት ትንንሽ አሻንጉሊቶችም አሉኝ፤ ለጡረታዬ ያስቀመጥኳቸው» አለኝ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።
«በ1999 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተፋቱ ባልና ሚስት የቢኒ ቤቢ ክምችታቸውን ፍርድ ቤት ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው አንድ በአንድ ተካፍለዋል። ዋጋው ከወደቀ በኋላ፣ ዛሬ ቢሆን ዳኛው ፊት የሚጣሉት ‹አንቺ ውሰጂ፣ አይ አንተ ውሰድ› እየተባባሉ ነበር።»

አንዱ የስታር ዋርስ ካርቶን አንስቶ ነቀነቀው።
«ውስጡ እኮ ምንም የለም! ባዶ ካርቶን ትሸጣለህ?»
«ኬነርን ያህል የአሻንጉሊት ኩባንያ ሸጦ የለ! ፊልሙ በ1977 ወጥቶ ሕዝብ ሲያብድ አሻንጉሊቱ ለገና አልደረሰም። ኩፖንና ስቲከር የያዘ ካርቶን ሸጠ፤ አሻንጉሊቶቹ በ1978 በፖስታ መጡ። እኔ ቢያንስ ባዶነቱን ሳልደብቅ ነው።»

ጓደኛው ቀበል አድርጎ «ሮኬት የሚተኩሰው የስታር ዋርሱ ቦባ ፌት የለህም?» አለኝ።
«የልጅ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀረቀር ተብሎ ገበያ ሳይወጣ የቀረውን ነው? ለሙከራ ከተሠሩት አንዱ በ2024 በጨረታ 525,000 ዶላር ተሽጧል። አሁን የሚቀረቀረው የአዋቂ ጉሮሮ ላይ ነው።»

ወጣቶቹ የሚመጡት ላቡቡ ለሚባለው ጥርሳም አሻንጉሊት ነው።
«ኦሪጅናል ነው?»
«ጥርሱን ቁጠር፤ ዘጠኝ መሆን አለበት።»
ቆጥሮ «ዘጠኝ ነው» አለ።
«በል የመቶ ዶላር ኖትህን አምጣ፤ እኔም ፍራንክሊንን በብርሃን ልየው።»

እስከዚያ ድረስ የተናገረኝን ሁሉ በተረብ አፉን እያስያዝኩ ነበር። ከዚያ ከልጅ ልጃቸው ጋር አንዲት የአገሬ እናት መጡ።
«አንተ! የሰው ልጅ ሐኪም ይሆናል፣ ኢንጂነር ይሆናል፤ አንተ አሻንጉሊት?»
«እትዬ፣ ልጆችማ መች ይገዙኛል፤ ገበያዬ ጢሙ የሸበተ ልጅ ነው።»
«ይቺ መኪና ስንት ናት?»
«ሦስት መቶ ዶላር።»
«ወየው ጉዴ! በሦስት መቶ ዶላር የኔ ቶዮታ ጎማ ይቀየርላታል!»
«ሆት ዊልስ ናት እኮ፣ እትዬ። በ1968 መጀመሪያ ከወጡት 16 ዓይነቶች አንዷ ናት። ካሸጓት ጀምሮ ማንም አልነካትም።»
«ይሄን ሁሉ ዘመን አንዲት ስንዝር ካልሄደች መኪና አይደለችም፤ እስረኛ ናት። ፍታት!»

መልስ አጣሁ። የዚህ ገበያ ሕግ እንዲህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጅ የተጫወተበት ይረክሳል፣ ልጅ ያላየው ይወደዳል። ካርቶኑ ጥግ ላይ ትንሽ ከታጠፈ እንኳ ደንበኛው ለቅሶ ደራሽ መስሎ ዋጋ ያስቀንሳል።

ሊዘጋ ሲል ጠዋት ዋጋ ጠይቆ የሸሸው ተመለሰ። ብልጥ ነው፤ ሻጭ ዕቃውን ወደ መኪናው መልሶ መጫን እንደሚጠላ ያውቃል።
«በግማሽ ስጠኝ፤ ያለበለዚያ ተሸክመኸው ልትሄድ ነው።»
«ጠዋትም የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ አንተ መች አገዝከኝ?»
ዋጋውን ግን ቀነስኩለት። ተረብ የጠረጴዛ ኪራይ አይከፍልም።

እንግዲህ ለመሸጥ ያሰባችሁ፣ ዋጋውን ጽፋችሁ ለጥፉ፣ የተሰበረውን «የተሰበረ ነው» በሉ፣ ዝርዝር ገንዘብም አትርሱ። ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ ዋጋው ቢወድቅም የማይቆጫችሁን፣ የምትወዱትን ብቻ ግዙ። እናተርፍበታለን የምትሉ ካላችሁ ግን እኔን ተዉና አዳራሹን በጠረጴዛ የሸነሸነውን አዘጋጅ ጠይቁ፤ ከበሩም ከጠረጴዛውም አስቀድሞ የሚሰበስበው እሱ ብቻ ነው።