ግቢያችሁን ለእንቁጣጣሽ አትላጩት

ነሐሴ ሊጋመስ ሲል የአዲስ አበባ ባለግቢ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጣ ይነሣበታል። ክረምቱን ሙሉ በመስኮት ሲያየው የከረመው ሣር በድንገት ጠላቱ ይሆናል። ማጭድ የያዘ የቀን ሠራተኛ ይጠራል፤ ጓሮው ይታጨዳል፣ የአጥሩ ሥር ይኮተኮታል፣ ግቢው መሬቱ እስኪታይ ይላጫል። ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ ያው ቤተሰብ ገበያ ወጥቶ ቄጠማና አደይ አበባ ገዝቶ ይመለሳል። ሣር ከደጅ ለማስወጣት ከፍሎ፣ ሣር ሳሎን ውስጥ ለመጎዝጎዝ እንደገና ይከፍላል ማለት ነው። የአደዩ ይብሳል፤ ማንም ሳይዘራው ከአጥር ሥር በቅሎ እምቡጥ ሊቋጥር የተዘጋጀው፣ በነሐሴ አረም ተብሎ ይነቀላል፤ በዋዜማው አበባ ተብሎ በእስር በእስሩ ይገዛል።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ የሚመጣው ዓመቱ ሲለወጥ ክረምቱም አብሮ የሚለወጥ ስለሚመስለን ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ሰኔ 26 የገባው ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነው፤ ሰማዩም ከእኛ የድግስ ፕሮግራም ይልቅ ይህን ቆጠራ የሚያከብር ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ በየፊናቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ካወረዱበት ከተማ፣ መስከረም በጠባ በማግስቱ ደረቅ መሬት መጠበቅ የዋህነት ነው። የከተማችን ብዙ ግቢ ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ እርጥብ ሳለ ሲረገጥና ሲቆፈር ይጠቀጠቃል፤ የጥቅምት ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ እንደ ጡብ ደርቆ ይሰነጠቃል። ልብሱን የተገፈፈው መሬት በቀረው ዝናብ ታጥቦ ወደ ጎረቤት ይወርዳል። ሣሩም ቢሆን በተረፈው እርጥበት ለመስቀል ተመልሶ ይቆማል፤ ሠራተኛውም ተመልሶ ይጠራል። ከጥድፊያው በርግጥ ያተረፈ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ይገባዋልም።

«እንግዳ በጫካ መሀል ይግባ ወይ?» የሚል ይኖራል። አይግባ። ከበሩ እስከ ደጃፉ ያለችውን መንገድ ማጽዳት ይበቃል፤ የእንቁጣጣሽ እንግዳ ዓይኑ ዶሮ ወጡ ላይ እንጂ ጓሮው ላይ አይደለም። «ትንኙስ?» ለሚለው ግን መልሱ ቀልድ የለውም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በቆላውና በወይና ደጋው ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ ስለዚህ ውኃ ያቆረ ጎማ፣ ጣሳና በርሜል ዛሬውኑ ይደፋ፣ የተደፈነ ቦይ ይከፈት። ይህ ሥራ አውደ ዓመትም ሆነ መስከረም 25ን አይጠብቅም። ወባ ትንኝ ግን የምትፈለፈለው ከቆመ ውኃ ነው፤ አደይ ነቅሎ ትንኝ ማጥፋት አይቻልም።

የቆየ ልማዳችንም ቢሆን ዋናውን ጽዳት የቀጠረው ለኅዳር 12 ነው። ምክንያቱ በ1911 ዓ.ም. አገሩን የፈጀው የኅዳር በሽታ እንጂ አትክልተኝነት አይደለም፤ በዕለቱ ቆሻሻን አቃጥሎ ማጠኑም፣ ጭሱ ለሳንባ ስለማይበጅ፣ ይቅር። ቀኑ ግን ለጓሮ የሰመረ ነው፤ አፈሩ ጠፍፏል፣ አደዩም አብቦ ዘሩን አራግፏል። እንግዲህ ቦዩን አሁን ክፈቱ፣ ማጭዱን ቢያንስ እስከ መስከረም 25 ስቀሉት፣ የታጨደውንም ከማቃጠል ጉድጓድ ውስጥ አብስሉትና ለጎመናችሁ ማዳበሪያ አድርጉት። የአበባውን ገንዘብ ደግሞ አበባየሆሽ እያሉ ለሚመጡት ልጆች ስጡ።