ባለ 32 ሚሊ ሜትር አገር

ጎረቤቴ ጦር አለው። ስልሳ ያህል እግረኛ፣ ሁለት ታንክ፣ አንድ ባለ ካባ አዛዥ። ሁሉም ፕላስቲክ፣ ከአንድ ናሙና በቀር ሁሉም አመድማ። አመድማ የሆኑት ገና ቀለም ስላልነካቸው ነው። ቀለም ያልነካቸው ደግሞ የሚቆሙበት መሬት ምን ዓይነት አፈር እንደሆነ ስላልተወሰነ ነው። ውሳኔው ከፋሲካ ጀምሮ እየተጠበቀ ነው።

የምንኖረው ኖቲንግሃም ነው። ሰው ሁሉ ከተማዋን በሮቢን ሁድ ያውቃታል፤ ለጎረቤቴና ለቢጤዎቹ ግን የጌምስ ዎርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ናት፣ የመሳለሚያ ቦታ ያህል። ዋርሀመር የሚባለውን የጠረጴዛ ላይ ጦርነት በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኩባንያ ነው፤ በ1987 ደግሞ ጦርነቱን ወደ ሩቅ መጪ ዘመን ወስዶ ዋርሀመር 40,000 አለው። ወታደሩን በኢንች እየለኩ ማንቀሳቀስ፣ ዳይስ ወርውሮ ማን እንደሞተ ማወቅ ነው ጨዋታው። ጎረቤቴ ሲጫወት ግን አይቼው አላውቅም። አፈር ላይ ነው ያለው።

እያንዳንዱ ወታደር ክብ መቆሚያ አለው፣ ቤዝ ይሉታል። የእሱ ወታደሮች መቆሚያ 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሲኒ መቀመጫ አይሰፋም። እዚያች ላይ ነው እንግዲህ አገር የሚመሠረተው። ኮላ ይቀባል፣ አሸዋ ይነሰነሳል። «አሸዋ አሸዋ ነው» ብዬ አንዴ ስቼ ነበር። ሰውን ወደ 28 ሚሊ ሜትር ስታሳንሰው፣ ለእኛ ጠጠር የሆነው ለእሱ ቋጥኝ ነው አለኝ፤ ስለዚህ አሸዋው በወንፊት ይነፋል። የቡሽ ቁራጭ ዐለት ይሆናል። ተፈልቶ የደረቀ የሻይ ቅጠል የበልግ ቅጠል ይሆናል። ቤኪንግ ሶዳ በረዶ ይሆናል፤ ይህኛው ዓመታት ሲያልፉ ወደ ቢጫነት ስለሚሄድ ውሻ የጎበኘው ይመስላል። ከሁሉም የገረመኝ የራስ ቅሉ ነው። ኩባንያው 340 ትንንሽ የፕላስቲክ ራስ ቅል በአንድ ሳጥን ይሸጣል፣ መሬት ላይ እንዲበተን። ጎረቤቴ ገዝቶ ለየወታደሩ ስንት እንደሚደርስ አካፍሏል። ለአዛዡ ሰባት።

«ይሄ በረዶ ላይ የቆመው» አልኩት አንድ ቀን፣ ናሙናውን አንስቼ፣ «ጦርነቱ በረሃ ላይ ቢሆንስ?»

«በረዶው ላይ ቆሞ ይዋጋል።»

«በረሃው መሃል?»

«ቤዙ የራሱ ነው» አለኝ፣ ግልጽ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። ለካ እያንዳንዱ ወታደር የትም ቢዘምት የገዛ አገሩን ከእግሩ ሥር ይዞ ነው የሚዞረው። የጠረጴዛው ምንጣፍ ቢጫ በረሃ፣ የወታደሩ እግር ጥር ወር። ማንም አይስቅም።

ከዚያ የልብስ ቀለም ይመጣል። ለሰማያዊ ለባሽ ጦር በቀለማት ክብ ላይ ከፊት ለፊቱ ያለው ብርቱካናማ ነው፤ ስለዚህ መሬቱ ወደ ዝገት የሚያደላ ቀይ አፈር መሆን አለበት፣ ልብሱ እንዲጎላ። እስከዚህ ድረስ እኔም ተስማምቻለሁ፤ እንዲያውም የወላይታን ቀይ አፈር ፎቶ አሳይቼው ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ነስቼዋለሁ። ግን ልብሱ በእርግጥ ሰማያዊ ይሁን? ለዚህም ያ ናሙና ወታደር አለ። አሳዛኝ ፍጡር ነው። መጀመሪያ ሰማያዊ ተቀባ፣ አልኮል ውስጥ ተነክሮ ታጠበ። ቀይ ሆነ፣ ታጠበ። አረንጓዴ ሆነ፣ ታጠበ። አሁን አጥንት መሳይ ነጭ ለብሷል። አንድ ጥይት ሳይተኩስ በአራት ጦር ውስጥ አገልግሏል፤ አፍንጫው በቀለም ብዛት ተደፍኗል።

ስለ ጠርዙ ባላነሣ ደስ ይለኝ ነበር። የቤዙ ጠርዝ፣ ያቺ ጥፍር የማትሞላ ዙሪያ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደማቅ አረንጓዴ ትቀባ ነበር። ዛሬ ግማሹ ጥቁር ይላል፣ ግማሹ ቡናማ። ጥቁሮቹ ቡናማውን እንደ ቆሻሻ ያዩታል፣ ቡናማዎቹ ጥቁሩን እንደ ስንፍና። እንደ ጥንቱ የሃይማኖት ክርክር ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ የሚያስፈልገው ነው። ጎረቤቴ ቡናማ ነው፤ የትኛው ቡናማ እንደሆነ ግን እንዳትጠይቁት፣ እኔ ጠይቄ እራት አምልጦኛል።

ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው ደራሲ በ1913 እ.ኤ.አ. የአሻንጉሊት ወታደሮች ጦርነት ሕግ በመጽሐፍ ሲያወጣ ጦሩ የሚሰለፈው በአብዛኛው ቤት ውስጥ ወለል ላይ ነበር። መሬቱ ምን ዓይነት አፈር ነው ብሎ ያስጨነቀው የለም። ወለል ነው፣ አለቀ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ እየነገርኩ ስስቅ ከረምኩ። ባለፈው ወር አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጡ። እሑድ ቡና ሲፈላ ጎረቤቴን ጠራሁት፤ ጫማውን አውልቆ ገባና በሩ ላይ ቀጥ አለ። ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። እኔም ገና ያኔ ነው ያየሁት። የእንግሊዝ ምንጣፍ ላይ፣ ከረከቦቱ ሥር፣ አማቴ በሻንጣ ከመርካቶ ያመጡት የፕላስቲክ ቄጠማ ተነጥፏል። ክብ ነው፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ ዙሪያውን በእንግጫ ፈንታ ተለጣፊ የፕላስቲክ አበባ።

ጎረቤቴ ተንበረከከ። ሣሩን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸት አሸት አደረገና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው።

«ርዝመቱ ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን አረንጓዴው አንድ ዓይነት ሆነ። ሥር ሥሩ ላይ ቀጠን ያለ ቡናማ ቢፈስበት፣ ጫፍ ጫፉን ደግሞ በደረቅ ብሩሽ ቢጫ ነካ ቢያደርጉት...»

«ምን ይላል ልጄ?» አሉ አማቴ፣ ጀበናውን እንደያዙ።

«ስለ ቡና እያወራ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ያንበረክከዋል? ወንበር ስጠው እንጂ!»